ትንሹን ነገር በፊልም ካሜራ በቅርብ ለማንሣት የሚያስፈልጉ መሣሪያዎች

የቡና አበባ ከፈነዳ በኋላ ሳይጠወልግ የሚቆየው ጥቂት ቀን ብቻ ነው። ዛሬ በስልኩ የሚያነሣ ሰው ስሕተቱን ወዲያው አይቶ ያርማል፤ በፊልም የሚያነሣ ተማሪ ግን ሥዕሉ መበላሸቱን የሚያውቀው ፊልሙ ከታጠበ በኋላ ነው። ያን ጊዜ አበባው ረግፏል፤ ሌላ ለማግኘትም የሚቀጥለውን አበባ መጠበቅ ግድ ነው። ስለዚህ የመሣሪያውን ጠባይ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሌንስ ቅርብ ያለውን ነገር አጥርቶ እንዲያሳይ ከፊልሙ ራቅ ማለት አለበት። የተለመደው የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን ዕቃው ግማሽ ሜትር ያህል ሲቀርበው ከዚያ ወዲያ ወደ ፊት አይወጣም፤ ይበልጥ ብንጠጋ ሥዕሉ ይደበዝዛል። ይህንን ለማቃለል አራት ዓይነት መሣሪያ አለ።

አንደኛው ማቅረቢያ መነጽር ነው። ይኸውም በሌንሱ ፊት የሚጠመዘዝ መስተዋት ሲሆን ዋጋው ከሁሉ ይቀላል። ሌንሱ ለሩቅ እንደ ተስተካከለ ቁጥር 1 መነጽር በ1 ሜትር፥ ቁጥር 2 በ50፥ ቁጥር 3 በ33 ሳንቲ ሜትር ያለውን ያጠራል። ብርሃን አይቀንስም፤ ነገር ግን የሥዕሉን ዳርና ዳር ጥቂት ያደበዝዛል።

ሁለተኛው ማራዘሚያ ቀለበት ነው። ውስጡ ባዶ ነው፤ የሚገባውም በካሜራውና በሌንሱ መካከል ስለ ሆነ ሌንሱ የሚነቀል መሆን አለበት። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ቢጨመር ሥዕሉ የዕቃውን ግማሽ ያህላል፤ 50 ቢጨመር ግን ከዕቃው ጋር እኩል ይሆናል። 2 ሳንቲ ሜትር የሆነች ነፍሳት በፊልሙም ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ትሆናለች ማለት ነው።

ሦስተኛው እንደ አንጥረኛ ወናፍ የሚዘረጋና የሚታጠፍ ነው። ሥራው የቀለበቱ ሥራ ነው፤ ርዝመቱን ግን እንደ ፈለጉ ለመለዋወጥ ይመቻል። ክብደት ስላለው ያለ ማቆሚያ አይሠራበትም።

አራተኛው ለዚሁ ተግባር የተሠራ ሌንስ ነው። ጀርመናዊው ሃይንዝ ኪልፊት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1955 ያወጣው ማክሮ ኪላር ከፊተኞቹ አንዱ ነው።

ሌንሱ ከፊልሙ በራቀ መጠን ብርሃኑ ይደክማል። ሥዕሉ ከዕቃው ጋር እኩል ሲሆን አራት እጥፍ ብርሃን ያስፈልጋል፤ በእጅ የሚያዝ የብርሃን መለኪያ 1/60 ሴኮንድ ቢል በ1/15 ማንሣት ነው። በሌንሱ በኩል የሚለካ ካሜራ ግን ይህን ራሱ ይቈጥራል፤ ደግመን ብንጨምርለት ሥዕሉን እናበላሻለን።

ደግሞም በዚህ ቅርበት የሌንሱ ቀዳዳ እስከ 16 ቢጠብ እንኳ አጥርቶ የሚታየው 2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያና ካሜራውን ሳይነኩ የሚጫኑበት ሽቦ ያስፈልጋል። ነፋሱንም በካርቶን መከለል ይጠቅማል።

መመልከቻው ከሌንሱ የተለየ ካሜራ ሌላ ወጥመድ አለበት። ዓይን የሚያየውና ሌንሱ የሚያየው ስለሚለያይ፥ መካከል ያደረግነው አበባ ራሱ ተቈርጦ ይወጣል። በሌንሱ በራሱ በኩል የሚያሳየው ባለ መስተዋት ካሜራ ከዚህ ችግር ነጻ ነው።

እንግዲህ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፥ አበባው ከመፈንዳቱ በፊት በቅጠልና በሳንቲም መለማመድ ይገባል። የቀለበቱን ርዝመት፥ የቀዳዳውን ቁጥርና የሴኮንዱን ልክ በደብተር የጻፈ ተማሪ፥ ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ የትኛው እንደ ሠመረለት ያውቃል፤ አበባውም በፈነዳ ጊዜ እጁ አይንቀጠቀጥም።