የኮካ ኮላ ፎንት ምን ይባላል?

ደንበኛው ስልኩን አውጥቶ አንድ ሎጎ ያሳያል፤ «በዚሁ ፊደል ጻፍልኝ» ይላል። ልምድ ያለው ማስታወቂያ ሠሪ ግን የፎንቱን ስም ከመፈለጉ በፊት፣ ለመሆኑ ይህ ጽሑፍ ፎንት አለው ወይ ብሎ ይመረምራል።

ብዙ ሎጎ የሚጀምረው ከተዘጋጀ ፎንት ነው። ከዚያ ዲዛይነሩ የአንዱን ፊደል ጭራ ያስረዝማል፣ ሁለቱን ያያይዛል፣ የሌላውን ጫፍ ይቆርጣል። ስለዚህ ዓይን መሄድ ያለበት ወደ ጌጡ ሳይሆን እጅ ወዳልነካቸው ፊደሎች ነው። በላቲን የትንሹ «ጂ» ጭራና የትልቁ «አር» እግር ከፎንት ፎንት በግልጽ ስለሚለያዩ ጥሩ ምልክት ይሰጣሉ። እንደ «ዋት ዘ ፎንት» ያሉ ከፎቶ ላይ ፎንት የሚፈልጉ ፕሮግራሞችንም እጅ የነካው ፊደል ሊያደናግራቸው ይችላል፤ ንጹሖቹን ፊደሎች ቆርጦ መስጠት ይሻላል።

አንዳንዴ ፎንቱ አንድ ብቻ አይደለም። ዲዛይነሩ ሊንደን ሊደር በ1994 የፌዴክስን ሎጎ ሲሠራ ዩኒቨርስና ፊውቱራ የተባሉትን ፎንቶች ባሕርይ አዋሕዶ ፊደሎቹን እንደገና ቀረጻቸው፤ በ«ኢ» እና በ«ኤክስ» መካከል ያለችው ነጭ ቀስት የተገኘችው ከዚህ ድካም ነው። ያን ሎጎ በአንድ ፎንት ልድገመው የሚል ሰው ቀስቷን አያገኛትም።

ኮካ ኮላ ደግሞ ከነጭራሹ ፎንት አልነበረውም። በ1886 አትላንታ ውስጥ ስሙን ያወጣውና የጻፈው የፋርማሲስቱ የጆን ፔምበርተን ሒሳብ ያዥ፣ ፍራንክ ሮቢንሰን ነው። የተጠቀመበት ስፔንሰሪያን የተባለው የእጅ ጽሕፈት በዘመኑ የአሜሪካ ተማሪዎችና ጸሐፊዎች የሚሠለጥኑበት ነበር። ፎንት ላለመሆኑ ማስረጃው እዚያው ሎጎው ላይ አለ። የመጀመሪያው ትልቅ «ሲ» ጭራውን ከቃሉ ሥር ይዘረጋል፤ ሁለተኛው ግን ከአናቱ ተስቦ በ«ኤል» ቀለበት ውስጥ ያልፋል። በተራ ፎንት ቢጻፍ ሁለቱ መንትያ በሆኑ ነበር። የዛሬ ፎንቶች ለአንድ ፊደል ሁለት ሦስት ቅርጽ ሊይዙ ስለሚችሉ የተደጋገመን ፊደል የማስተያየት ይህ ፈተና ብቻውን አይበቃም፤ ቢሆንም የመጀመሪያው መፈተኛ እሱ ነው።

በአገራችን ጠርሙስ ላይ ያለው የአማርኛ ጽሑፍ የበለጠ ይገርማል። የላቲኑ «ሲ» ጭራ በግዕዝ ፊደል ውስጥ ቦታ የለውም፤ ያን የሚፈስ መስመር በ«ኮ» እና በ«ላ» ላይ ለማምጣት እንደገና አስቦ መሣል ግድ ነው። ፈተናውም እዚህ ይሠራል፦ «ኮ» ሁለት ጊዜ ስለሚመጣ ጠርሙሱን አንስቶ ሁለቱን ማስተያየት ይቻላል።