ጉተ፣ ጉተር፣ ጉተስ፦ የጀርመንኛ ቅጽል እንዴት ይሠራል?

መርሳ ላይ ማንጎ የሚገዛ ሰው «ማንጎውን ስጭኝ» ይላል። መምረጥ ሲፈልግ ግን «ትልቁን ማንጎ ስጭኝ» ነው የሚለው። ማንጎ ባዶውን ቀረ፤ የታወቀ መሆኑን የሚነግረው «ኡ»ም፣ ተሳቢ መሆኑን የሚነግረው «ን»ም ከፊቱ ወዳለው ቅጽል ተሻገሩ። «ያን ትልቅ ማንጎ» ቢል ደግሞ «ን» ወደ «ያ» ይሄድና «ትልቅ» ምንም ሳይሸከም ያልፋል።

ጀርመንኛ ጀምሮ በቅጥያ ሰንጠረዥ የተጨነቀ የወልድያ ወጣት ይህን ሥርዓት በአፉ ይዞት ነው ያደገው።  

ጀርመንኛ የስሙን ጾታና በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ያለውን ሙያ በአብዛኛው የሚያሳየው ከስሙ በፊት ባሉት ቃላት ነው። ቡና፣ «ካፌ»፣ ወንድ ነው። «ዴር» የሚለው አርቲክል ወንድነቱን ከተናገረ ቅጽሉ ይቀለዋል፦ «ዴር ጉተ ካፌ»፣ ጥሩው ቡና። «አንድ» የሚለው «አይን» ግን ስሙ ባለቤት ሲሆን ለወንዱም ለግዑዙም ያው «አይን» ነው። ጾታውን ማሳየት ለቅጽሉ ይቀራልና የ«ዴር»ን «ር» ይወስዳል፦ «አይን ጉተር ካፌ»። ዳቦ፣ «ብሮት»፣ ግዑዝ ስለሆነ የ«ዳስ»ን «ስ» ያስይዘዋል፦ «አይን ጉተስ ብሮት»። አርቲክል ጨርሶ ከሌለ፣ ከወንድና ከግዑዝ ነጠላ አገናዛቢ ሙያ በቀር፣ ምልክቱ ሁሉ ቅጽሉ ላይ ያርፋል፦ «ጉተር ካፌ»፤ «ከጥሩ ቡና ጋር» ሲሆን ከ«ዴም» «ም» መጥቶ «ሚት ጉተም ካፌ»።

ከአማርኛ የሚለይበት ቦታም አለ፤ ተማሪው የሚሰናከለውም እዚህ ነው። «ጥሩውን ቡና» ለማለት «ዴን ጉተን ካፌ» ይባላል፤ አርቲክሉ ተሳቢነቱን ነግሮን እያለ ቅጽሉም «ን» ይይዛል። ከ«ዴር»፣ «ዲ»፣ «ዳስ» ቤተሰብ በኋላ ቅጽሉ ያለው ምርጫ ሁለት ብቻ ነው። ነጠላ ባለቤት ሲሆን በሦስቱም ጾታ፣ ተሳቢ ሲሆን ደግሞ በሴትና በግዑዝ፣ «ጉተ» ነው፤ በቀረው ሁሉ፣ ብዙ ቁጥርንም ጨምሮ፣ «ጉተን»።

ይህ ሁሉ የስሙን ጾታ ለማያውቅ አይሠራም። ስለዚህ «ካፌ» ብሎ ብቻውን ከመሸምደድ ከመጀመሪያው ቀን «ዴር ካፌ»፣ «ዳስ ብሮት»፣ «ዲ ማንጎ» እያሉ መያዝ ነው።