የወር አበባ በሰው ቤት፦ ሞዴስ መቼ ይቀየራል? ሐኪም ጋ መቼ ይኬዳል?

እዚህ አገር ሱቅ ገብተሽ «ሞዴስ» ብትዪ የሚረዳሽ አታገኚም። ሞዴስ የአንድ ምርት ስም ነበር፤ እኛ ጋ የሁሉም መጠሪያ ሆኖ ቀረ። እዚህም ነገሩ ያው ነው፦ «ኦልዌይስ» ካልሽ በቃላውም ፋርማሲውም ይገባዋል።

አቡዳቢ ፎቅ ላይ የምትሠሪ ከሆነ በቃላው ብዙ ጊዜ ከሕንፃው ሥር ነው። አልዓይን ግን አብዛኛው ቤት ቪላ ነው፤ ሱቅ ይርቃል፣ ያለ ማዳም ወይም ያለ ሹፌር መውጣትም ለብዙዎቻችን አይታሰብም። ስለዚህ ሳምንት ሲቀረው ጠይቂ። ማዳምም ሴት ናት፤ አስቤዛ ሲጻፍ «ማማ፣ ሙምኪን ኦልዌይስ?» ካልሽ ይበቃል። ደመወዝ ስትቀበዪ ሁለት እሽግ ገዝተሽ ሻንጣሽ ውስጥ ካስቀመጥሽ ደግሞ የማንንም ፊት አታዪም።

ትልቁ ችግር ግን ሞዴስ ማግኘቱ ሳይሆን መቀየሪያ ጊዜ ማጣቱ ነው። ንጋት ላይ ያደረጉትን እስከ መኝታ የማይቀይሩ እህቶች አሉ፤ እንግዳ አለ፣ ልጅ ያለቅሳል፣ ሥራው አያልቅም። ሞዴስ ባይሞላም በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ መቀየር አለበት፤ ደም በሚበዛባቸው ቀናት ከዚያም ቶሎ። ደም ከላብና ከሙቀት ጋር ሲቆይ ባክቴሪያ ይራባበታል። በጋ ላይ ሙቀቱ 45 ዲግሪ ሲያልፍ ግቢ ስታጥቢ ከዋልሽማ ጭን ይላጣል፣ ያሳክካል፣ ይሸታል። ሰዓት ማየት ካልተመቸሽ አዛኑን ተከተዪ፦ ቤተሰቡ ለዙህርና ለመግሪብ ሊሰግድ ሲነሳ አንቺ ሽንት ቤት ግቢ፤ ብዙ ከፈሰሰሽ አስርንም ጨምሪ።

ሁለት ሞዴስ መደረብ ጥቅም የለውም። የሞዴስ ታችኛው ክፍል ደም የማያሳልፍ ፕላስቲክ ስለሆነ የላይኛው ሲሞላ በጎን ይፈሳል። ለሌሊት ረጅምና ክንፍ ያለውን ግዢ፤ ሽቶ ያለው ቆዳ ያስቆጣል። ስትታጠቢ በውሃ ከፊት ወደ ኋላ ነው፤ በሻጣፉ ወደ ውስጥ መርጨትም ሆነ ዴቶልና በረኪና መጠቀም ይጎዳል። ገላ መታጠብ አይከለከልም። የተጠቀምሽበትን ጠቅልለሽ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣይው እንጂ ሽንት ቤት አትልቀቂው፤ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ቧንቧው ሲዘጋ ደግሞ ማን ላይ እንደሚጮህ ታውቂያለሽ።

ሞዴስ ከጠፋ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይሠራል፤ ነውርም አይደለም። ፍሬወይኒ መብራህቱ እ.ኤ.አ. በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና የተባለችው መቀሌ ባለው ፋብሪካዋ እየታጠበ የሚደገም ሞዴስ በማምረቷ ነው። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቢው፤ ሙቅ ውሃ ደሙን ጨርቁ ላይ ያደርቀዋል። ከዚያ በሳሙና አጥበሽ ፀሐይ ላይ አስጪው። አፍረው አልጋ ሥር የሚያደርቁ አሉ፤ እርጥብ ጨርቅ ደብቆ ማዋል ግን ለበሽታ በር ነው።

ለሆድ ቁርጠት ሙቅ ውሃ በጠርሙስ አድርጎ ሆድ ላይ መያዝ ይረዳል። ብሩፊን 400 ምግብ ከበላሽ በኋላ ይወሰዳል፣ በቀን ከ3 ፍሬ አይለፍ። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም አስም ካለብሽ ግን ብሩፊን ይቅርብሽ፤ ፓናዶል ይሻልሻል።

«እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ቀረብኝ» የሚሉ ብዙ ናቸው። ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ኪሎ መቀነስ የወር አበባን ያዘገያሉ፤ ያስቀራሉም። ከአገር ቤት ሳይወጡ የሦስት ወር መርፌ የተወጉ ወይም ክንድ ላይ የሚቀበረውን ያደረጉም በዚሁ ይደነግጣሉ፤ መርፌው ደሙን ሊያቆመው ወይም ጠብ ጠብ ሊያደርገው ይችላል፣ ካቆሙትም በኋላ ለመመለስ ወራት ይፈጅበታል። ደም ውስጥ ተጠራቅሞ ታመመ ማለት አይደለም። እርግዝና ከጠረጠርሽ ፋርማሲ የሽንት መመርመሪያ አለ። ከዚህ ውጭ ሦስት ወር ከቀረ መታየት ነው።

ሞዴስ በየሰዓቱ እየሞላ ለተከታታይ ሰዓታት ከቀጠለ፣ ከ7 ቀን በላይ ከፈሰሰ፣ ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽና ትኩሳት ከመጣ ሐኪም ያስፈልጋል። ራስ የሚያዞርሽና ልብሽ የሚመታ ከሆነ የደም ማነስ ሊሆን ይችላል። ምስር፣ ጉበትና ሥጋ ብዪ፤ ሻይ ግን ብረቱን እንዳይገባ ስለሚከለክል ከምግብ ራቅ አድርገሽ ጠጪ።

«ገንዘብ የለኝም» ብለሽ አትቅሪ። በአቡዳቢ ኤምሬት፣ አልዓይንንም ጨምሮ፣ የጤና ኢንሹራንስ የሚከፍለው አሠሪ ነው፤ ከደመወዝሽ አይቆረጥም። «ማማ፣ ባጥኒ ዪአውርኒ፣ አብጋ ዶክቶር» በያት፤ ሆዴን ያመኛል፣ ሐኪም እፈልጋለሁ ማለት ነው። መታወቂያሽን ይዘሽ ሂጂ። ወንድ ሐኪም ካሳፈረሽ «ዶክቶራ» ካልሽ ሴት ሐኪም እንደፈለግሽ ይገባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ደግሞ በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት ዕረፍት፣ ከዚያም 8ቱን በተከታታይ፣ እንዲሁም በሐኪም ማስረጃ የሕመም ፈቃድ ይሰጥሻል። ሕክምና ከከለከሉሽ የሠራተኛ ሚኒስቴሩ ስልክ 600590000 ነው። ደሙ አልቆም ብሎ ራስሽን ልትስቺ ከሆነ ግን ማንንም ሳትጠብቂ በ998 አምቡላንስ ጥሪ።