የነጋዴን ክፉ ልማድ በሒሳብ መዝገብ ስለ መመርመር

ነጋዴ የሸቀጡን ዋጋ፣ የጉምሩኩን ቀረጥና የመጓጓዣውን ኪራይ እስከ ሳንቲም ድረስ ይቆጥራል፤ ከዕለት ገቢው እየተቆረሰ የሚሄደውን የራሱን ልማድ ግን በመዝገብ የሚያሰፍር ነጋዴ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ በየቀኑ ሳይቋረጥ የሚወጣ ትንሽ ገንዘብ፣ አንድ ጊዜ ከሚደርስ ትልቅ ኪሣራ ይልቅ የንግዱን መነሻ ገንዘብ የሚበላበት ጊዜ አለ። «አመል ያወጣል ከመሐል» የሚለው የአባቶች አነጋገር በንግድ ሥራም እውነት ሆኖ የሚገኘው ስለዚህ ነው።

ልማድ ማለት ከመደጋገሙ የተነሣ ሳይታሰብበት የሚፈጸም ድርጊት ነው። በውስጡም ሦስት ነገሮች ይገኛሉ። መጀመሪያው ቀስቃሹ ነው፤ ይኸውም የታወቀ ሰዓት፣ የታወቀ ስፍራ ወይም የታወቀ ጓደኛ ነው። ሁለተኛው ራሱ ድርጊቱ ነው። ሦስተኛው ከድርጊቱ የሚገኘው ደስታ ወይም ዕረፍት ነው። ማታ ማታ ሒሳቡን ሳይዘጋ የማይተኛ ነጋዴ መልካም ልማዱን ያገኘው በዚሁ መንገድ ነው፤ ክፉውም የሚሠርጸው በዚያው በር ነው።

ለዚህ ነገር ድሬዳዋ ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. በደረሰባት ጊዜ የተቆረቆረችው ይህች ከተማ የቀትሯ ሙቀት ብርቱ ስለ ሆነ፣ ብዙ ሱቆች በዚያ ሰዓት ተዘግተው አመሻሹ ላይ ይከፈታሉ። ከሐረርጌ ደጋ የሚወርደው ትኩስ ጫትም ለዚሁ የዕረፍት ሰዓት ይፈለጋል። ሙቀቱ፣ ሰዓቱና ጓደኛው ባንድነት ሲገናኙ ቀስቃሹ የተሟላ ይሆናል፤ በርጫውም በማግሥቱ ራሱን ይጠራል።

የቅጠሉ ጠባይም ልማዱን ያጠነክረዋል። እ.ኤ.አ. በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ተለይቶ የታወቀው ካቲኖን የተባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ ጫት እንደ ስኳር በጆንያ ተከማችቶ አይቆይም፤ የለመደው ሰው በየቀኑ ጥሬ ገንዘብ አውጥቶ ትኩስ ዙርባ መግዛት ግድ ይሆንበታል።

እርግጥ ጫት ለሐረርጌ ገበሬ የገቢ ምንጭ ነው፤ ወደ ጅቡቲና ወደ ሶማሌላንድ ለሚልከውም ነጋዴ የታወቀ ሸቀጥ ነው፤ በብዙ ቤትም የእንግዳ መቀበያ ወግ ነው። እዚህ የሚመረመረው ንግዱም ወጉም አይደለም፤ ባለቤቱ ማዘዝ ሲገባው በባለቤቱ ላይ አዛዥ የሆነው ልማድ ነው።

በድሬዳዋ ገጠር፣ በዋሂል አነስተኛ ሱቅ ያለው አንድ ቸርቻሪ ለምሳሌ ይታሰብ። ስኳሩን፣ ሳሙናውንና ዘይቱን ከከተማው ጅምላ ሻጭ በዱቤ ያመጣል፤ እርሱም በፈንታው ለገበሬው በዱቤ ያድላል። ይህ ሰው ለጫት በቀን 100 ብር ቢያወጣ በዓመት 36,500 ብር ይሆናል። በቀን 3 ሰዓት ቢቀመጥ በዓመት 1,095 ሰዓት፣ ማለትም በ8 ሰዓት የሥራ ቀን ሲቆጠር ወደ 137 የሥራ ቀን ያህል ያልፋል። ከዚህም ሌላ በመዝገብ የማይታይ ጉዳት አለ። ፍየሉን ሸጦ ከሰዓት በኋላ የሚመለሰው ገበሬ ዕዳውን ሊከፍል መጥቶ ሱቁን ዝግ ካገኘው ብሩን ለሌላ ጉዳይ ያውለዋል። ቸርቻሪው ካልሰበሰበ ጅምላ ሻጩ በቀጠሮው አይከፈለውም። ገንዘብ ቢጠፋ ተሠርቶ ይመለሳል፤ የተጓደለ እምነት ግን በቀላሉ አይመለስም።

ልማድ ክፉ መሆኑ የሚታወቅባቸው ምልክቶች አሉ። ሰዓቱ ባለፈ ጊዜ ሐራራ ሲነሣና ባለ ሱቁ በደንበኛው ላይ ሲቆጣ አንዱ ምልክት ነው። ከሰዓት በኋላ የነበረው ወደ ጠዋት ሲሻገር፣ ምርቃናውን ለማብረድም ማታ ጨብሲ ሲያስፈልግ፣ አንዱ ልማድ ሌላውን እየወለደ መሆኑ ይታወቃል። ወጪው ከገንዘብ ሣጥኑ ተወስዶ «ልዩ ልዩ» በሚል ስም ሲሸፈንም ባለቤቱ ራሱን መደበቅ ጀምሯል። «ከሰኞ ጀምሮ እተዋለሁ» የሚለው ቃል ብዙ ሰኞዎችን ካሳለፈ ደግሞ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። የዓለም የጤና ድርጅት በ1980 እ.ኤ.አ. ጫት ጥገኝነትን ሊያስከትል እንደሚችል አስታውቋል፤ የደም ግፊትን ከፍ ማድረጉ፣ እንቅልፍንና የምግብ ፍላጎትን መቀነሱም የታወቀ ነው።

ለመላቀቅ የሚሻ ሰው በመሐላ ከመጀመር ይልቅ በመዝገብ ቢጀምር ይሻለዋል። ለ7 ቀን ሰዓቱን፣ ስፍራውን፣ ጓደኛውንና የወጣውን ገንዘብ ሳይደብቅ ይጻፍ። ከዚያ በኋላ ቀስቃሹ የቱ እንደ ሆነ ይለያል። ቀስቃሹ ባዶ ሰዓት ከሆነ፣ ለዚያ ሰዓት ዕዳ የመሰብሰብ ወይም ዕቃ የመቁጠር ሥራ ይመደብለታል። ቀስቃሹ የወዳጅ ጨዋታ ከሆነ፣ ጨዋታው ሳይቀር በቡና ወይም በሻይ ይተካል። ባዶ የተተወ ስፍራ የቀድሞውን እንግዳ መልሶ ይጠራልና። ጓደኛ «ና እንቀመጥ» ባለ ጊዜ የሚሰጠው መልስም አስቀድሞ የተወሰነ ይሁን። ሳይወጣ የቀረውን ገንዘብ በዚያው ዕለት ለብቻው በባንክ ማስቀመጥ ደግሞ ጥቅሙን በዓይን ያሳያል።

ትዕግሥትም ያስፈልጋል። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ 96 ሰዎችን ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት፣ አዲስ ልማድ እስኪተከል መካከለኛው ጊዜ 66 ቀን መሆኑን፣ እንደ ሰውና እንደ ድርጊቱም ከ18 እስከ 254 ቀን እንደሚለያይ አመልክቷል። አንድ ቀን መሳት የተጀመረውን ሥራ እንደማያፈርስም ተገኝቷል። ስለዚህ አንድ ቀን የተሰናከለ ሰው በማግሥቱ ይቀጥል እንጂ ሁሉን አይጣል። ለብዙ ዘመን የቃመ ሰው ሲያቆም ድካም፣ የመንፈስ መጨፍገግና ዱካክ የሚባለው ክፉ ሕልም ሊያስቸግረው ይችላል፤ ቢበረታበት ሐኪም ማማከር ይገባዋል።

ይህ የምርመራ መንገድ ለጫት ብቻ የተወሰነ አይደለም። የደንበኛን ደብዳቤ ሳይመልሱ ማሳደር፣ የሱቁን ገንዘብ ከቤቱ ወጪ ጋር መቀላቀል፣ ዱቤን ሳይጽፉ በቃል መያዝ፣ ሁሉም ልማዶች ናቸው፤ ሁሉም ቀስቃሽ አላቸው፤ ሁሉም በሌላ ድርጊት ሊተኩ ይችላሉ። በዓመቱ መጨረሻ የሸቀጥ ቆጠራ የሚያደርግ ነጋዴ በዚያው ጊዜ ልማዱንም ቢቆጥር፣ የጎደለው ሒሳብ የት እንደ ሄደ ብዙ ሳይደክም ያገኘዋል።