ማሞቂያ ታዘው ከረጢት የሰፉ ተማሪዎች

በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ «ዲ ስኩል» የተሰኘው የዲዛይን ማዕከል ሲቋቋም የራሱ ዲግሪ አልነበረውም። ከጀርመኑ የሶፍትዌር ኩባንያ ከሳፕ መሥራቾች አንዱ የሆኑት ሐሶ ፕላትነር ግን እ.ኤ.አ. በ2005 35 ሚሊዮን ዶላር ለገሱት። ገንዘቡ ምን አተረፈ?

እ.ኤ.አ. በ2007 የምህንድስናና የንግድ ሥራ ተማሪዎች ርካሽ የሕፃናት ማሞቂያ እንዲሠሩ ታዘዙ። የሆስፒታሉ ዓይነት ያኔ 20 ሺህ ዶላር ገደማ ያወጣ ነበር። ኔፓል ሄደው ሲያዩ፣ በከተማ ሆስፒታል በእርዳታ የመጡት ማሞቂያዎች ባዶ ተቀምጠዋል፤ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱት ሕፃናት ያሉት መብራት በሌለበት ገጠር ነው። ክፍል ውስጥ ቢቀሩ ኖሮ ሥራ ፈት ማሽን በርካሽ ባበዙ ነበር። የሠሩት የመኝታ ከረጢት ነው፤ ውስጡ የሚገባው ሰም መሰል ነገር አንዴ ከሞቀ ለሰዓታት በ37 ዲግሪ ይቆያል። በማግስቱ ዓመት ድርጅት አቋቁመው ኋላ ወደ ሕንድ ተሻገሩ።