በገመድ ስለሚሄዱ ግዙፋን አሻንጉሊቶችና ከተማን ስለ ማስተማራቸው

አሻንጉሊት የሕፃናት መጫወቻ መሆኑን ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን አሻንጉሊትን ከቤት ጣሪያ በላይ አሳድጎ፥ በገመድ እያንቀሳቀሰ፥ በከተማ ጐዳና ላይ ለሽማግሌውም ለሕፃኑም ታሪክ የሚነግር አንድ የቴያትር ማኅበር በፈረንሳይ አገር ተቋቁሟል። ስሙ ሮያል ደ ሉክስ ይባላል። በ1979 ዓ.ም. ያቋቋሙት ዣን ሉክ ኩርኩ ናቸው፤ ከ1989 ጀምሮም መቀመጫው የናንት ከተማ ሆነ። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ግዙፍ ምስል ሠርቶ በጐዳና ማዞር በዚያ አገር አዲስ ነገር አይደለም። በሰሜን ፈረንሳይና በቤልጂክ ከብዙ መቶ ዓመት ጀምሮ በበዓል ቀን እንደ ረዓይት ያሉ ምስሎች ይወጣሉ። አት በምትባል በቤልጂክ ከተማ በየዓመቱ በነሐሴ ወር የጐልያድ ሠርግ ይደረጋል፤ ከዚያም ከዳዊት ጋር ሲዋጋ ይታያል። በዚህ ልማድ ግን ተሸካሚው ከምስሉ ልብስ በታች ተሸሽጎ ይሄዳል። ሮያል ደ ሉክስ ያመጣው አዲስ ነገር ሠራተኛውንና ገመዱን ለሕዝብ ዐይን መግለጡ ነው።

የመጀመሪያው ግዙፍ ሰው የታየው በ1993 ዓ.ም. በለሃቭር ነው። ይህች የባሕር በር ከተማ በ1944 በጦርነት ጊዜ ከአውሮፕላን በተጣለ ቦምብ ፈርሳ እንደ ገና የተሠራች ናት። የከተማው ሕዝብ ከሰማይ እንደ ወደቀ ሆኖ በጐዳና የተዘረጋውን ግዙፍ ሰው አየ። የማኅበሩ አሳብ ለአንድ ከተማ ሕዝብ ሁሉ በአንድ ጊዜ አንድ ታሪክ መንገር ነበረ። ስለዚህ መግቢያ ዋጋ አልተጠየቀም፤ መድረኩም የሕዝቡ የራሱ መንገድ ሆነ።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ትንሺቱ ልጅ የምትባለው አሻንጉሊት ቁመቷ 5 ሜትር ተኩል፥ ይኸውም 11 ክንድ ያህል ነው። ከበስተኋላዋ የሚሄድ ተሽከርካሪ መኪና ክብደቷን ይይዛል። ከ20 የሚበልጡ ቀይ ካፖርት የለበሱ ሠራተኞች እጇን፥ እግሯንና ራሷን በገመድ ይስባሉ። እግሯ እንዲነሣ ሲፈለግ፥ ከፍ ካለው ስፍራ የቆሙት ገመዱን ይዘው ወደ ታች ይዘላሉ፤ የሰውነታቸውም ክብደት እግሯን ወደ ላይ ያነሣዋል። ይህም ውሃ ከጕድጓድ በመዘውር ሲቀዳ እንደሚሆነው ነው፤ ገመዱ ወደ ታች ሲሳብ ባልዲው ወደ ላይ ይወጣል። አንዱ ሠራተኛ ቢዘገይ እርምጃዋ ይሰናከላል፤ ስለዚህ አንድ አዛዥ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሁሉን በአንድነት ያሠራቸዋል። በ1726 በታተመው የጉሊቨር መጽሐፍ ውስጥ ባሉት አጫጭር ሰዎች ስም፥ እነዚህ ሠራተኞች ሊሊፑታውያን ተባሉ። በ1906 ሳይሆን በዘመናችን፥ በ2006 ዓ.ም. በለንደን ከዚህችው ልጅ ጋር የታየው የእንጨት ዝሆን ደግሞ ቁመቱ 12 ሜትር፥ ክብደቱም ከ40 ቶን በላይ ነበረ፤ በኵምቢውም በሕዝቡ ላይ ውሃ ይረጭ ነበር።

እንግዲህ ገመዱ እየታየ ሕዝቡ ስለ ምን ያምናል? ትንሺቱ ልጅ ዐይኗን ትከድናለች፥ ትገልጣለች፤ ስትተኛም ደረቷ ከፍና ዝቅ ይላል። ተመልካቹ እንጨት መሆኗን ያውቃል፤ ነገር ግን የብዙ ሰው ድካም ለአንዲት እርምጃ ሲውል ባየ ጊዜ ልቡ ይነካል። ድካሙ ቢሸሸግ ኖሮ ያደንቅ ነበር፤ ስላልተሸሸገ ግን ከሚስቡት ጋር አብሮ የሚስብ ይመስለዋል።

የዚህ ጥበብ ትልቁ ጥቅም የታየው ሕዝብ የራሱን ኀዘን ባሰበበት ጊዜ ነው። በርሊንን ለሁለት የከፈለው ግንብ በ1961 ተሠርቶ በ1989 ፈረሰ። በ2009 ዓ.ም. ሃያኛው ዓመት ሲታሰብ፥ ማኅበሩ ተለያይተው የኖሩ የአንድ ግዙፍ ባሕር ጠላቂና የእኅቱን ልጅ ታሪክ አመጣ። ሁለቱ በከተማው ሲፈላለጉ ቆይተው፥ ጥቅምት 3 ቀን ግንቡ ያልፍበት ከነበረው ከብራንደንቡርግ ደጅ ተገናኙ። ከተመልካቾቹ ሽማግሎቹ መለያየቱን በራሳቸው ዕድሜ አይተውታል፤ ሕፃናቱ ግን ግንቡ ከፈረሰ በኋላ የተወለዱ ናቸው። በዚያ ቀን ሁለቱም ትውልድ አንድ ነገር አዩ።

እንዲሁም በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል፥ በ1914 ዓ.ም. ጦርነት በተነሣ ጊዜ፥ ጓደኛ ከጓደኛው፥ የሥራ ባልደረባም ከባልደረባው ጋር በአንድ ክፍል ለመዝመት በቅዱስ ጊዮርጊስ አዳራሽ ተመዝግበው ነበር። ከእነርሱ ብዙዎቹ አልተመለሱም። መቶ ዓመት ሲሞላ፥ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. አንዲት ግዙፍ አያት በዚያው አዳራሽ ተኝታ ታየች። ከዚያም ተነሥታ ከልጅ ልጇና ከውሻቸው ጋር በከተማው ስትዘዋወር፥ በመቶ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ተከተላት።

ይህን ያህል ገንዘብና ድካም ለጨዋታ ማዋል ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። መልሱ ይህ ነው፤ ነገሩን ያየው ሽማግሌ በሞተ ጊዜ፥ ለልጆቹ ያልነገረው ሁሉ አብሮት ይቀበራል። መጽሐፍ ላነበበው ብቻ ይነግራል፤ በአደባባይ የተነገረ ታሪክ ግን ማንበብ ለማይችለውም ይደርሳል።

የገጠር ትምህርት ቤት 12 ሜትር ዝሆን ሊሠራ አይችልም፤ አያስፈልገውምም። መምህራን ግን በዓመት አንድ ቀን መርጠው ተማሪዎችን ወደ ሽማግሎች ይላኩ። ተማሪዎቹም በአገራቸው የተደረገውን አንድ ነገር ጠይቀው ይጻፉ፤ ከሸንበቆና ከአሮጌ ጨርቅ ምስል ይሥሩ፤ ነገሩ በተደረገበት ቦታ ቆመው በሕዝብ ፊት ያሳዩ። ሽማግሎችም ልጆቹ ሊጠይቋቸው በመጡ ጊዜ ያዩትን አይሸሽጉ፤ ሲያሳዩም ከፊት ተቀምጠው የተሳሳተውን ያርሙላቸው።