ያውቁ ኖሯል? ግማሽ ድምፅ ዘፈንን ሲለውጥ

የአዲስ አበባው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከሙዚቃ ጋር ቅርበት አለው። ለቡ ላይ «ሙዚቃ ሰፈር» የሚባል ሰፈር አለ፤ መካኒሳ ላይ ደግሞ የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ ሙዚቃ ያስተምራል። በመሆኑም የዛሬው ዓምዳችን በሜጀርና በማይነር መካከል ስለሚመላለሱ ዘፈኖች ነው።

• በሜጀርና በማይነር ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) መካከል ያለው ልዩነት አንድ ድምፅ ብቻ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ዶ፣ ሚ፣ ሶል ሜጀር ነው። ሚ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ስትል ማይነር ይሆናል፤ ዶና ሶል ከቦታቸው አይነቃነቁም።

• የትዝታ ቅኝትም ሜጀርና ማይነር አለው። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ሚንና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲያደርጓቸው ትዝታ ማይነር ይወጣል። ክራር ደርዳሪ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር የእነዚህን የሁለቱን ድምፆች ክር ላላ ያደርጋል።

• ኪቦርድ ካለዎት ጥቁር ቁልፎቹን ብቻ ይሞክሩ። ሦስት ሆነው ከተደረደሩት ከመጀመሪያው ተነስተው አምስቱን በተራ ወደ ቀኝ ቢሄዱ ትዝታ ሜጀር ይሰማሉ። ሁለት ሆነው ከተደረደሩት ከሁለተኛው ቢነሱ ግን በእነዚያው አምስት ቁልፎች ባቲ ማይነር ይሰማሉ። ድምፆቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው መነሻና ማረፊያቸው ነው።

• አምባሰልና ትዝታ ማይነርም ዘመዳሞች ናቸው። የትዝታ ማይነርን ድምፆች ከሶል ጀምረው ሶል ላይ ቢያሳርፏቸው አምባሰል ይሆናሉ።

• አምባሰልና አንቺሆዬ ራሳቸው ግን ሜጀርም ማይነርም አይደሉም! ሜጀርንና ማይነርን የምትለየው ሚ በሁለቱም ቅኝቶች ውስጥ የለችም። ስለዚህ አቀናባሪ ኮርድ ሲያለብሳቸው ብዙ ይጠነቀቃል፤ ያልታሰበበት ኮርድ የቅኝቱን ጠባይ ያጠፋዋል።

• ባቲም አምባሰልም በወሎ የሚገኙ ቦታዎች ስሞች ናቸው።

• «ሜጀር ለደስታ፣ ማይነር ለሐዘን» የሚለው አባባል ለእኛ ሙዚቃ ብዙም አይሠራም። ትዝታ በሜጀር ሲዘፈንም ናፍቆቱ አይጎድልም። ስሜቱን ቅኝቱ ብቻውን አይፈጥረውም፤ ግጥሙ፣ ፍጥነቱና የድምፃዊው አንጀት የሚበላ አዚያዜም አብረው ይሠሩታል። ማይነር ሲመጣ ናፍቆቱ ይጠቁራል፤ ሜጀር ሲመለስ ያው ናፍቆት ብርሃን ያገኛል።

• ዜማን እንደ ወቅቱና እንደ ስሜቱ መለየት ለአገራችን አዲስ አይደለም። የ6ኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ የቅዱስ ያሬድ ዜማ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ይከፈላል። በዐቢይ ጾም ደግሞ ከበሮና ጸናጽል ዝም ይላሉ።

 

• በቦስተኑ በርክሊ የተማሩት ሙላቱ አስታጥቄ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶቻችንን ከባለ 12 ድምፁ የጃዝ ሥርዓት ኮርዶች ጋር አዋሕደው ኢትዮ ጃዝን ፈጠሩ። ከባዱ ሥራ ኮርዱ ቅኝቱን እንዳይውጠው መጠበቅ ነበር።

• በውጭው ፖፕም ይህ ጥበብ የታወቀ ነው። የዴል ሻነን «ረንአዌይ» (እ.ኤ.አ. 1961) በማይነር ጀምሮ አዝማቹ ላይ ወደ ሜጀር ይዞራል። የቢትልስ «ዋይል ማይ ጊታር ጀንትሊ ዊፕስ» (እ.ኤ.አ. 1968) ደግሞ ከላ ማይነር ወደ ላ ሜጀር ተሻግሮ ይመለሳል።

• ሼለንበርግና ፎን ሼቨ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት ከ1960ዎቹ እስከ 2000ዎቹ በአሜሪካ ዝነኛ ከሆኑ ዘፈኖች መካከል የማይነሮቹ ድርሻ በእጥፍ ማደጉን አሳይተዋል።

• ዜማ ለምትደርሱ ወጣቶች፦ ስንኙን በትዝታ ማይነር ጀምራችሁ አዝማቹን በትዝታ ሜጀር ብታወጡት የምትለውጡት ሁለት ድምፅ ብቻ ነው። ዶ፣ ሬና ሶል ባሉበት ስለሚቆዩ አድማጩ አይደናገርም፤ የስሜቱ መዞር ግን በደንብ ይሰማዋል። ሽግግሩንም ግጥሙ ተስፋ ወይም መጽናናት የሚናገርበት ቦታ ላይ አድርጉት። ይህ ሀብት ከማንም የምንበደረው አይደለም፤ በገዛ ቅኝቶቻችን ውስጥ አለና በድፍረት ሥሩበት።